ፕሮትራክተር ካለ ቲዮዶላይት ለምን አስፈለገ?

ጥያቄው አዳማ ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ካላቸው አባት የመጣ ነው። እንዲህ ይላሉ፦ «የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጄ ፕሮትራክተሯን ይዛ መጣችና፣ ‹አባዬ፣ መንገድ ላይ ባለሦስት እግር መሣሪያ አቁመው የሚያዩት ሰዎች ምን እየለኩ ነው?› አለችኝ። ማዕዘን ነው አልኳት። ‹ታዲያ ለምን በዚህ አይለኩም?› ስትለኝ መልስ አጣሁ። እኔ በርና ደረጃ የምሠራው በስኳድራና በዓይኔ ነው። ለእርሷ ምን ልበላት? ለእኔስ ሥራ የትኛው የማዕዘን መለኪያ ያስፈልገኛል?»

ለልጅዎ አድናቆቴን ይንገሩልኝ። እኔ ቀያሽ ነኝ፤ ቲዮዶላይት የሚባለውን ያንን ባለሦስት እግር መሣሪያ ተሸክሜ ከሃያ ዓመት በላይ ዞሬያለሁ። «ፎቶ ነው የምታነሡት?» ብለው የጠየቁኝ ልጆች ብዙ ናቸው። በእጃቸው ካለው ፕሮትራክተር ጋር አስተያይተው የጠየቁኝ ግን አላጋጠሙኝም።

መልሱ ያለው ክንዱ ላይ ነው። ማዕዘን ሁለት መስመሮች፣ ማለትም ክንዶቹ፣ ከአንድ ነጥብ ሲነሡ በመካከላቸው የሚኖረው ክፍተት ነው። በዲግሪ ሲነገር ያው ነው፤ መስመሮቹ በረዘሙ ቁጥር ግን ክፍተቱ በሜትር እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ መሣሪያ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «የዚህ ማዕዘን ክንድ የት ድረስ ይደርሳል?» ብሎ ነው።

ልጅዎ ደብተሯ ላይ ማዕዘን ስታነሣ ግማሽ ዲግሪ ተሳሳተች እንበል። ከማዕዘኑ ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ ስሕተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የእርሳሷ መስመር ውፍረት ራሱ ያንን ያህላል። አስተማሪዋም ልክ ነው ብለው ያርሙላታል፤ ደግሞም ለደብተር ልክ ነው። ያንኑ ግማሽ ዲግሪ 3 ሜትር ርዝመት ወዳለው የበር ክንፍ ይውሰዱት፤ ጫፉ ላይ 26 ሚሊ ሜትር ይሆንና በሩ አይዘጋም። እኔ ደግሞ 500 ሜትር ርቆ የሚተከል ችካል ላይ ብሳሳተው ከ4 ሜትር ከ30 በላይ እስታለሁ፤ ያ ማለት የሰው ግቢ ውስጥ መግባት ነው። ስሕተቱ በሦስቱም ቦታ አንድ ነው፤ የተለየው ክንዱ ነው።

ለዚህ ነው ዲግሪ ራሱ መከፋፈል ያስፈለገው። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ 60 ሰከንድ ነው፤ ይህ በ60 የመቁጠር ልማድ ከባቢሎናውያን የወረስነው ነው፣ የሰዓታችን ደቂቃና ሰከንድም ከዚያው የመጣ ነው። አንድ የማዕዘን ሰከንድ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለልጅዎ ለማስረዳት አንዲት የጤፍ ፍሬ ይስጧት። ፍሬዋን ወስዶ 200 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ቢይዝላት፣ ከአንዱ የጤፏ ጫፍ እስከ ሌላው ያለው ማዕዘን አንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ጥሩ የቅየሳ መሣሪያ የሚያነብበው ያንን ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ሥራ ቤት ልምጣ፤ ብዙ መናገር የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ስኳድራን እንደ ተራ ዕቃ አይመልከቱት። ስኳድራ አንዲት ማዕዘን ብቻ ያውቃል፣ 90ን፤ እርሷን ግን በትክክል ካወቃት ለበር ሥራ ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣል። ችግሩ፣ ከእጅ የወደቀ ስኳድራ መዛባቱን ለባለቤቱ አይናገርም። ስለዚህ ይፈትኑት። ጠርዙ ቀጥ ያለ ላሜራ ይፈልጉ፤ ስኳድራውን ጠርዙ ላይ አስደግፈው በጭረት መስመር ያውጡ፤ ከዚያ ስኳድራውን ገልብጠው በሌላው ፊቱ በዚያው ነጥብ ላይ ሁለተኛ መስመር ያውጡ። ሁለቱ መስመሮች ከተደራረቡ ስኳድራው ጤነኛ ነው። ከሥሩ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ከተለያዩ ስሕተቱ የዚያ ግማሽ ነው፤ መገልበጥ ስሕተትን ሁለት እጥፍ አድርጎ ያሳያልና። ግማሽ ሚሊ ሜትር በ30 ሴንቲ ሜትር ማለት 6 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በ3 ሜትር በር ላይ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የውሃ ልክም የሚፈተነው እንዲሁ ነው፤ አረፋው መሐል ከገባ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ዞሮ ሲቀመጥ አረፋው ከመሐል ከወጣ የተዛባው ውሃ ልኩ ነው። ይህን የመገልበጥ ዘዴ ያስታውሱልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ትልቅ ፍሬም ላይ ግን ስኳድራ አይበቃም፤ ክንዱ አጭር ነዋ። እዚያ ላይ ግንበኞች የሚሠሩበት የ3፣ 4፣ 5 ልክ አለ፤ ከማዕዘኑ በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክተው ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው አግድም 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ 90 ነው። ለበር ፍሬም ደግሞ ተቃራኒ ጎኖቹ እኩል መሆናቸውን አረጋግጦ ሁለቱን አግድሞሽ ማወዳደር ይበቃል። በሜትር ብቻ፣ ያለ ምንም የማዕዘን መሣሪያ፣ ማዕዘን ተለካ ማለት ነው። ክንዱ በረዘመ ቁጥር ይህ ዘዴ ከስኳድራ እየበለጠ ይሄዳል።

የ45 ዲግሪ ቁርጥ ሌላው የስሕተት ጎተራ ነው። ለአንድ አራት ማዕዘን ፍሬም 8 ቁርጥ ያስፈልጋል። መቁረጫው 45 እያለ 45.5 የሚቆርጥ ከሆነ፣ 8 ጊዜ ግማሽ ዲግሪ 4 ዲግሪ ነው። ሦስቱ ማዕዘኖች ግጥም ብለው አራተኛው አፉን ከፍቶ ይቀራል፤ ያንን በብየዳ የሚሞላው ሰው ጥፋቱን ከዓይን ይሸሽጋል እንጂ ፍሬሙ ጠማማ መሆኑ አይቀርም። መቁረጫዎ ላይ ያለውን ሚዛን አይመኑ። ሁለት ቁራጭ ቆርጠው ይግጠሙና በተፈተነው ስኳድራ ያስተያዩት።

ለደረጃ የምመክርዎት ክንዱ የሚታጠፍና በብሎን የሚጠብቅ ስኳድራ ነው። ቁጥር የለውም፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበትን ማዕዘን እንዳለ ይዞ ወደ ብረቱ ያመጣዋል፤ በመካከል ማንበብና መጻፍ ስለሌለ የሚጠፋ ነገር የለም። ቁጥር ሲፈልጉ ግን ከስሌት ይነሡ፦ አንዱ ደረጃ ከፍታው 17፣ መርገጫው 28 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 31 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ነው። ይህን ብረቱ ላይ ለማረጋገጥ ማግኔት ያለውን ትንሽ ዲጂታል የማዕዘን መለኪያ ይግዙ። መጀመሪያ መነሻ በሚያደርጉት ብረት ላይ ለጥፈው ዜሮ ያድርጉት፣ ከዚያ ወደሚለካው ይውሰዱት። ርካሾቹ በ0.2 ዲግሪ ያህል ይሳሳታሉ፤ ለ1 ሜትር ቁራጭ 3.5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ለደረጃ ይበቃል፤ ለ3 ሜትር በር አይበቃም። እንግዲህ ገንዘብዎን ለእነዚህ ሦስት ያውሉ፦ ለጥሩ ስኳድራ፣ ለሚታጠፍ ስኳድራና ለዚህ ዲጂታል መለኪያ። ሌላው ለእርስዎ ሥራ ቅንጦት ነው።

ቶርኖ ቤት ያለ ባልንጀራ ካለዎት ግን የእርሱ ነገር ይለያል። እርሱ ዘንድ ቨርኒየር ያለው የማዕዘን መለኪያ ያገኛሉ፤ ስሙን የወሰደው ዘዴውን በ1631 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ይፋ ካደረገው ፈረንሳዊ ከፒየር ቨርኒየር ነው። በዋናው ክብ ላይ ያለው 23 ዲግሪ በትንሿ ተንሸራታች ሚዛን ላይ 12 ቦታ ተከፍሏል። እያንዳንዷ ክፍል 1 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ስለሆነች ከ2 ዲግሪ በ5 ደቂቃ ታንሳለች። የትኛዋ መስመር ከዋናው ሚዛን መስመር ጋር እንደገጠመች በማየት ብቻ ዓይን 5 ደቂቃን ያነብባል። በዓይን የማይታይን ነገር ሁለት የሚታዩ ሚዛኖችን በማስተያየት ማንበብ! እኔ ይህን ገና ተማሪ ሳለሁ ሲያሳዩኝ ደብተሬ ላይ ሠርቼ እስኪገባኝ ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር።

ከዚያም የሚበልጠው ሳይን ባር የሚባለው ነው። እርሱ ላይ ምንም የዲግሪ ምልክት የለም፤ ሁለት እኩል ሲሊንደሮች የተገጠሙበት ቀጥ ያለ ብረት ነው፣ በሲሊንደሮቹ መሐል ያለው ርቀት በትክክል 100 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በአንዱ ሲሊንደር ሥር 50 ሚሊ ሜትር የሆነ መለኪያ ብሎክ ቢያስገቡ ብረቱ በ30 ዲግሪ ያዘነብላል፤ የ30 ሳይን ግማሽ ነውና። ብሎኩ ላይ 0.01 ሚሊ ሜትር መሳሳት የሚያመጣው ጥፋት 24 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ክንዱ አጭር ሆኖ ሳለ ይህን ያህል መርቀቁ ከላይ ያልኩትን የሚያፈርስ እንዳይመስልዎት፤ ርዝመትን በመቶኛ ሚሊ ሜትር መለካት የሚችል ሰው አጭር ክንድ ይበቃዋል። ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሆን ግን ሳይን ባር እየደከመ ስለሚሄድ ባለሙያዎቹ ያንን ይሸሻሉ።

አሁን ወደ ባለሦስት እግሩ። ቲዮዶላይት በመሠረቱ ሁለት ፕሮትራክተር ነው፤ አንዱ ተጋድሞ፣ አንዱ ቆሞ፣ መሐላቸው ላይ ቴሌስኮፕ ተቀምጦ። የተጋደመው አቅጣጫን፣ የቆመው ከፍታና ዝቅታን ያነብባል። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያየው ቶታል ስቴሽን የሚባለው ሲሆን በዚያው ላይ ርቀትን በብርሃን የሚለካ ክፍልና ኮምፒውተር ተጨምሮበታል። ልጅዎ ፕሮትራክተሯን ስትጠቀም ሦስት ነገር ታደርጋለች፦ መሐል ነጥቡን ማዕዘኑ ጫፍ ላይ ታስቀምጣለች፣ ዜሮውን ከአንዱ መስመር ጋር ታገጥማለች፣ ሌላውን መስመር ታነብባለች። እኔም የማደርገው ሦስቱን ነው። መሣሪያውን ከችካሉ ሚስማር በላይ በቱንቢ ወይም በሌዘር ነጥብ አስተካክዬ አቆማለሁ፤ አስቀድሞ ወደሚታወቅ ችካል አይቼ ዜሮ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ወደ አዲሱ ነጥብ አነብባለሁ። የሚለየው፣ እርሷ መሐል ነጥቡን በግማሽ ሚሊ ሜትር ብትስት ምንም አይደለም፤ እኔ ብስት ሰው ይጎዳል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የደረሰብኝን ልንገርዎት። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ቦታው ጥቁር አፈር ነበር፣ ዝናብ ጠጥቶ ያበጠ። የመጋዘን ምሰሶዎችን ቦታ ላወጣ መሣሪያውን አቆምኩ። ዜሮ የማደርግበት ሩቁ ችካል በድንጋይ ክምር ስለተጋረደ 20 ሜትር ላይ ያለውን ቅርቡን ለመጠቀም ወሰንኩ። ከዚያ አንደኛው እግር ቀስ ብሎ ወደ ጭቃው ሰረገ፤ አረፋው ሲሸሽ አይቼ በብሎኖቹ መለስኩት እንጂ መሣሪያው ከሚስማሩ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን መሄዱን አላየሁም። መሣሪያው 5 ሰከንድ የሚያነብብ ነበር። 1 ሴንቲ ሜትር በ20 ሜትር ላይ ግን 103 ሰከንድ ነው። 300 ሜትር ርቆ የተከልኩት ችካል በ15 ሴንቲ ሜትር ተዛባ። ያወቅነው አንድ ሽማግሌ ፎርማን በሜትር ከችካል ችካል ለክተው «ልጄ፣ ይህ ከፕላኑ ጋር አይስማማም» ሲሉኝ ነው። ሁለት የመሠረት ጉድጓዶች ተቆፍረው ነበር፤ እንደገና ተቆፈሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዜሮ የማደርግበት ችካል ከምተክለው ነጥብ የራቀ እንዲሆን እጥራለሁ፤ የሦስቱንም እግሮች ጫፍ ረግጬ ሳላሰምጥ ቴሌስኮፑን አላይም።

ቀደም ብዬ አስታውሱልኝ ያልኩት መገልበጥ እዚህ ተመልሶ ይመጣል። ማንኛውም ቲዮዶላይት በፋብሪካ ሲሠራ ትንሽ ጥመት ይኖረዋል፣ የቴሌስኮፑ መስመርም ከአግድሙ ዘንግ ጋር በትክክል 90 ላይሆን ይችላል። እኛ የምናደርገው አንድን ነጥብ አይተን ካነበብን በኋላ ቴሌስኮፑን ገልብጠን፣ መሣሪያውን 180 ዲግሪ አዙረን፣ ያንኑ ነጥብ ዳግመኛ ማንበብ ነው። ጥመቱ በመጀመሪያው ንባብ ወደ ቀኝ ከጨመረ በሁለተኛው ወደ ግራ ይጨምራል፤ አማካዩ ሲወሰድ ይጣፋል። እርስዎ ስኳድራውን ላሜራው ላይ ሲገለብጡ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ይህ ዘዴ ምን ያህል እንደሚያስኬድ የህንድ ታላቁ ቅየሳ ያሳያል። በ1802 ብሪታንያዊው መኮንን ዊልያም ላምብተን የጀመረው ሥራ ነው። ዋናው ቲዮዶላይት ግማሽ ቶን ያህል ይመዝን ነበር። በ1808 ታንጆር በሚባል ከተማ ከቤተ መቅደስ ማማ ላይ በገመድ ሲስቡት ገመዱ ተበጥሶ መሣሪያው ከግድግዳው ጋር ተላተመ፤ ማዕዘን የሚነበብበት ክብ ተጣመመ። ላምብተን ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ክቡን በመዶሻና በብሎን ጥቂት በጥቂት ወደ ቅርጹ መለሰውና ሥራው ቀጠለ። ያው ቅየሳ በኋላ ላይ የሂማላያን ጫፎች ከሩቅ ሜዳ ሆኖ ለካ፤ የኤቨረስት ከፍታ በ1856 ይፋ ሲሆን 29,002 ጫማ፣ ማለትም 8,840 ሜትር ገደማ ነበር። በ2020 ኔፓልና ቻይና በጋራ ያወጡት 8,848.86 ሜትር ነው። ተራራው ላይ ሳይወጡ፣ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው፣ ልዩነቱ 9 ሜትር! በዚያ ርቀት 10 ሰከንድ መሳሳት ብቻውን ወደ 8 ሜትር ያደርሳል፤ ብርሃኑም በአየር ውስጥ ሲያልፍ ይጎብጣል።

ወደ እኛም አገር መጥቷል። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከ1838 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ሰሜንና ምዕራብ ኢትዮጵያን ሲዞር ቲዮዶላይት ይዞ ነበር። ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ማዕዘን እያነበበ ነጥቦቹን አያይዞ የአገሩን ካርታ አወጣ። እኔ ሰሜን ተራሮች ላይ ለሥራ ቆሜ ጭጋጉ እስኪገልጥ ስጠብቅ፣ ያ ሰው መሣሪያውን በበቅሎ ጭኖ እዚህ እንዴት እንደወጣ አስብ ነበር።

ባሕር ላይ ግን ባለሦስት እግር የሚቆምበት መሬት የለም። መርከቧ ስትናወጥ ሁለት መስመሮችን አንድ ላይ ማየት የግድ ነው። የመርከበኞች የማዕዘን መለኪያ የሆነው ሴክስታንት የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ ጆን ሃድሊ በ1731 ባሳየው የሁለት መስታወት ዘዴ ፀሐይን ከሰማይ አውርዶ አድማሱ ላይ ያስቀምጣታል፤ መርከቧ ብትወዛወዝም ሁለቱ አብረው ስለሚወዛወዙ ንባቡ አይሸሽም። ቅስቱ 60 ዲግሪ፣ የክብ አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው፤ ብርሃኑ ሁለት ጊዜ ስለሚንጸባረቅ ግን እስከ 120 ዲግሪ ይለካል። በኬክሮስ አንዲት ደቂቃ መሳሳት አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር ነው። እዚህ ላይ ክንዱ እስከ ምድር መሐል መድረሱን ልብ ይበሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያስደነቀኝ ሐኪም ቤት ያየሁት መሣሪያ ነው። ጉልበቴን ተጎድቼ ስታከም ፊዚዮቴራፒስቷ ሁለት የፕላስቲክ ክንድ ያለው ፕሮትራክተር አወጣች፤ ጎኒዮሜትር ይባላል። መሐሉን በጉልበቴ ውጫዊ ጎን ባለው ጉጥ አጥንት ላይ አደረገች፤ አንዱን ክንድ ወደ ዳሌዬ አጥንት፣ ሌላውን ወደ ቁርጭምጭሚቴ ጉጥ አቀናች። «እጠፉት» አለችኝ፤ 85 አነበበች። ከሁለት ሳምንት በኋላ 110። ጤነኛ ጉልበት 135 ገደማ ይታጠፋል። እኔ ሰከንድ የለመድኩ ሰው «ደቂቃውስ?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቅ ብላ፣ ከ5 ዲግሪ በታች የሆነ ለውጥ ለእርሷ ለውጥ እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ልክ ናት። የመገጣጠሚያው እውነተኛ ዘንግ ሥጋና ቆዳ ውስጥ ተደብቋል፣ ሲታጠፍም ቦታውን ይለውጣል፤ የተሻለ ሚዛን ቢገዛም መሐል ነጥቡ አይገኝም። ከዚያ ጤነኛውን ጉልበቴንም ለካችው፣ ለማነጻጸር። ይህም የራሱ መገልበጥ ነው። የጀርባ አጥንት መጣመምም በራጅ ላይ እንዲሁ በማዕዘን ይለካል፤ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ስኮሊዮሲስ የሚባለው።

ጎኒዮሜትር የሚለው ስም ከሐኪሞቹ በፊት የማዕድን አጥኚዎች ነበር። የኳርትዝ ክሪስታል ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ከየትም ይምጣ፣ የምሰሶው ጎኖች የሚገናኙት በ120 ዲግሪ ነው፤ ኒኮላስ ስቴኖ ይህን የማዕዘን ጽናት በ1669 ጽፎታል። በኋላ ሰዎች በማዕዘን ብቻ ማዕድንን ከማዕድን ለዩ። እዚህ ላይ ክንዱ ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ዎላስተን በ1809 ክሪስታሉን በጣት ከመንካት ይልቅ ከፊቱ ላይ የሚንጸባረቀውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ሠራ። አጭሩን ክንድ በብርሃን አረዘመው።

እርስዎ ቤት ጣሪያ ላይም አንድ የማዕዘን መሣሪያ ሳይኖር አይቀርም፤ ዲሹ። የኢትዮሳት ሳተላይት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት፤ ከአዳማ ስትታይ ከአድማስ 67 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ፣ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 115 ዲግሪ ዞራ ነው። ናይልሳት ግን 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ በመሆኗ ከአዳማ ከፍታዋ 36፣ አቅጣጫዋ 262 ነው። 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዲሽ የሚያየው የሰማይ ስፋት 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ነፋስ ትንሽ ሲገፋው ስክሪኑ ይጠፋል። ዲሹን በስልክ ኮምፓስ የሚያዞር ሰው ከብረት ምሰሶው ራቅ ብሎ ያንብብ፤ ብረቱ መርፌውን ከ2 ዲግሪ በላይ ሊያስተው ይችላል። መቀበያው ከመሐል ሳይሆን ዝቅ ብሎ የተገጠመለት ዲሽ ፊቱ ከሚያየው ማዕዘን ከፍ ብሎ ስለሚመለከት፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ቢመስልዎት አይደንግጡ።

ለልጅዎ የቀረኝ አንድ ሥራ ነው። ፕሮትራክተሯን ትውሰድና ቀጥ ባለው ጠርዙ ላይ የለስላሳ መጠጫ ቀሰም ታጣብቅ። ከመሐል ነጥቡ ክር ታንጠልጥልና ጫፉ ላይ ከእርስዎ ሥራ ቤት አንድ የብሎን ጭንቅላት ትሰርበት። በቀሰሙ ወደ አድማስ ስታይ ክሩ 90 ላይ ይውላል፤ ቀና ስትል ከ90 የራቀው ያህል ከፍታው ነው። መጀመሪያ የመብራት ምሰሶ ትለካ፦ ክሩ 45 እስኪያመለክት ወደ ኋላ ትሂድ፤ ከዚያ እስከ ምሰሶው ሥር ያለው ርቀትና የዓይኗ ከፍታ ሲደመሩ የምሰሶው ቁመት ነው። አንድ ዲግሪ ብትሳሳት በ10 ሜትር ላይ 35 ሴንቲ ሜትር እንደሚለውጥባት ራሷ ታየዋለች።

ከዚያ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ በስተሰሜን ምንም የማይጋርድበት ቦታ ይውሰዷት። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያለው ከፍታ የቆማችሁበት ቦታ ኬክሮስ ነው፤ አዳማ 8 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። ኮከቡ በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ አዲስ አበባ እንጦጦ ሥር ላለ ሰው ተራራው ይሸፍነዋል፣ ለእናንተ ግን ሜዳው ይረዳችኋል። ኮከቡን በቀሰሙ ስታይ እርስዎ ክሩን በባትሪ ያብሩና ያንብቡላት። ከዚያ ፕሮትራክተሩን ገልብጣ በሌላው ፊቱ ዳግመኛ ትይ፤ ሁለቱን ንባቦች ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ። ከ7 እስከ 10 መካከል ከመጣላችሁ ደብተሯ ላይ ቀኑንና ቦታውን ጨምራ ትጻፈው፤ 12 ከመጣ በማግስቱ ማታ ድገሙት።